በካሌብ ስም

ጋሼ አድማሱ ማይክሮፎን ከጨበጡ፣ የሀበሻው ሰፈር በሆነው ፌርፋክስ ላይ ኪሱን አጥብቆ መያዝ የሚችል ሰው የለም። ማጋነን አይደለም። ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ኮፍያ ከራሳቸው የማይለይ ሰው ናቸው፤ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ ግን መድረኩ የሳቸው ነው። አንዱ እጁን አውጥቶ «ሁለት መቶ!» ሲል፣ እሳቸው ቀበል አድርገው «በማን ስም ልበል?» ይላሉ። ሰውየውም በራሱ ስም አይልም። ይሉኝታ የት ሄዶ! በሟች እናቱ፣ ባሳደገችው አክስቱ፣ ክርስትና ባነሳው ልጅ ስም ይላል፤ እልልታው ይቀልጣል። አንድ ጊዜ አንድ ምስኪን ሳያስበው «በራሴ» ብሎ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ሰፈሩ «በራሴ» እያለ ነው የሚጠራው፤ እውነተኛ ስሙን የሚያስታውስ የለም።

ታዲያ ለፕሬዝዳንት ምርጫ ገንዘብ ማሰባሰብ ከዚህ በምን ይለያል? ጋሼ አድማሱ እንደዚያ ነበር ያሰቡት። ጉዱም የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ነገሩን ያመጣችው ልጃቸው ኤልሻዳይ ናት። እዚሁ ተወልዳ፣ ዌስትውድ ካለው ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ከተወዳዳሪዎቹ በአንደኛው የምርጫ ዘመቻ ውስጥ ገንዘብ አሰባሳቢ ሆና በጊዜያዊነት ተቀጥራለች። የእጩው ስም ይቅር፤ ቢጠራ ግማሹ ሰው ያኮርፋል። ለአለቆቿ «የሀበሻውን ሰፈር ለኔ ተዉት» ብላ ደረቷን ነፍታ ነግራቸዋለች። ዝግጅቱ ካማረ ቋሚ ትሆናለች፤ ከተበላሸ መሰናበቷ ነው። እሁድ ከሰዓት በእትዬ ሣህሊቱ ምግብ ቤት እንዲሆን ተወሰነ። መድረክ መሪውማ ከጋሼ አድማሱ ሌላ ማን ይሆናል?

ወደዚያው ሲሄዱ መኪና ውስጥ ሕጉን ልታስረዳቸው ሞከረች።

«ሶ አባዬ፣ ስማኝ። የሚሰጠው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ብቻ ነው።»

«ሥራ ፈቃድ ያለውስ?»

«ኖ።»

«ታክስ ይከፍላል እኮ!»

«ቢከፍልም ኖ። ከመቶ ዶላር በላይ ካሽ አይቻልም፤ ቼክ ወይም ካርድ ነው። ሁሉም ፎርም ይሞላል። ደግሞ አንድ ሰው ከተወሰነለት በላይ መስጠት አይችልም።»

«ለመስጠትም ጣሪያ አለው?» ጋሼ አድማሱ ኮፍያቸውን ከፍ አደረጉ። እሳቸው በሚያውቁት ጉባኤ አብልጦ የሰጠ ይጨበጨብለታል እንጂ በቃህ አይባልም።

«በቀጥታ ለእጩው ከሆነ አለው። ለብቻቸው ሆነው ለሱ ለሚቀሰቅሱ ቡድኖች ከሆነ ግን ጣሪያ የለውም።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። ለሰውየው ለራሱ ስሰጠው ልክ አለው። ሰውየውን ለሚያሞግስ ሌላ ሰው ስሰጥ ሚሊዮንም ይፈቀዳል?»

«ከእጩው ጋር እስካልተመካከሩ ድረስ።»

«አለመመካከራቸውን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ማን ነው?»

ኤልሻዳይ የጎን መስታወቱን አየች። «ብቻ አባዬ፣ ስም በደንብ ይጻፍ። ስም ከጎደለ ገንዘቡ ይመለሳል።»

«የስሙን ነገር ለኔ ተዪው» አሉ ጋሼ አድማሱ። ከተነገራቸው ሁሉ በደንብ የገባቸው ይኸው ብቻ ነበር።

ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ባለቤቷ እትዬ ሣህሊቱ ገና ከጅምሩ አኩርፈዋል፤ ዘመቻው የምግቡን ዋጋ መክፈል ስላለበት ደረሰኝ ይቁረጡ ተብለዋላ። «እንግዳ ጠርቼ ደረሰኝ? ሰው ምን ይለኛል!» እያሉ ለመጣው ሁሉ ይከሳሉ። ወዲያው ደግሞ የኤልሻዳይ አለቃ ደወለችና ዌስትውድ ላለ ሌላ ዝግጅት አጣድፋ ጠራቻት። ልጅቷ ፎርሞቹን ላባቷ አስረክባ፣ «አባዬ፣ አደራ» ብላ በረረች።

አንዱ ከኋላ ተነሥቶ ጠየቀ። «ጋሼ፣ ከኛ ከድሆቹ ከሚለምኑ መንግሥት ወጪያቸውን ለምን አይችልላቸውም?»

መልሱን የያዘው የሰፈሩ ታክስ ሠሪ ፍሬው ነበር። «ይችላል እኮ! በየዓመቱ ታክስ ስሠራላችሁ፣ ሦስት ዶላር ለፕሬዝዳንት ምርጫ ፈንድ ይሂድ ወይ ብዬ አልጠይቃችሁም? ሁላችሁም ኖ ትላላችሁ።»

«ይጨመርብናል ብለን ነዋ!»

«አይጨምርም ብዬ ምዬ ተገዝቼ ነግሬያችኋለሁ።»

«እና ፈንዱ ካለ ለምን አይወስዱትም?»

«ከወሰዱ የሚያወጡት ገንዘብ ይገደብባቸዋል። ስለዚህ ትልልቆቹ አይነኩትም።»

«ሶ ገንዘብ ተቀምጦላቸዋል፣ እሱን አይነኩም፣ ከኛ ግን ይለምናሉ?»

«ኤግዛክትሊ» አለ ፍሬው። እሱም የገባው አይመስልም ነበር።

ዕቃ አጣቢው ዳዊ ሃያ ዶላር ይዞ ከጓዳ ሲወጣ፣ ጋሼ አድማሱ እያፈሩ መለሱት። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና አልተቋጨም። «አገሬ እያለሁ ሳይጠይቁኝ ነበር ለፓርቲ ከደመወዜ የሚቆርጡት» አለ ዳዊ፣ ብሩን እያጣጠፈ። «እዚህ ወድጄ ልስጥ ስል እምቢ ይሉኛል። ምን ዓይነት ነገር ነው?» ጋሼ አድማሱ ጀርባውን መታ መታ አድርገው ሸኙት።

ከዚያ በኋላማ የለመዱት ሥራ ነበር። የመኪና ማቆሚያ የሚያስተዳድረው አሳምነው «ሦስት መቶ!» አለ።

«በማን ስም ልበል?»

«በእናቴ፣ በወይዘሮ የሺመቤት!»

እልልታው ጣሪያውን ነካ። ፎርሙ ላይ አድራሻዋን ሲጠየቅ «እንግዲህ ሰማይ ቤት ናት» ብሎ ሳቀና የራሱን አድራሻ ጻፈላት። ፍሬው፣ ያ ሕግ አዋቂ ፍሬው፣ ባለፈው ወር በተወለደችው ልጁ ስም ሰጠ። ቤቱ በሙሉ እንዲህ ሆነ፤ በንስሐ አባቱ ስም የሰጠ አለ፣ በጎረቤቱ ስም የሰጠ አለ። ያቺ «በራሴ» የምትባል ቃል ከማንም አፍ አልወጣችም።

በመጨረሻ እትዬ ሣህሊቱ ኩርፊያቸውን ረስተው ማይክሮፎኑን ነጠቁ። «እርስዎስ ጋሼ? ሰውን ጨምቀው ጨምቀው ሊሄዱ ነው?»

ጋሼ አድማሱ ከኮታቸው ደረት ኪስ ቼክ አወጡ። ቤታቸው ጽፈው የመጡት ነው።

«በማን ስም ልበል?»

«በልጄ» አሉ። ያ የታወቀ ድምፃቸው እልም አለባቸው። «በካሌብ ስም።»

ካሌብን የማያውቅ አልነበረም፤ የኤልሻዳይ ታናሽ ወንድም፣ ጫማ ቤት እየሠራ የሚማር፣ በየቤቱ እያንኳኳ ለምርጫ የሚቀሰቅስ ቀልቃላ ልጅ። ባለፈው ምርጫ ጊዜ አሥራ ስምንት ሊሞላው ጥቂት ሳምንት ቀርቶት ድምፅ ሳይሰጥ አመለጠው። «በሚቀጥለው ግን አባዬ፣ ድምፄንም ብሬንም ነው የምሰጠው!» ብሎ ነበር። የሚቀጥለው ሳይደርስ አሥር ቁጥር ፍሪዌይ ላይ መኪና ገጨው። ከጫማ ቤት ያገኘውን ያጠራቀመበት የባንክ አካውንት፣ ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር በጋራ የተከፈተ ነው። ጋሼ አድማሱ ከዚያ ወዲህ አንድ ሳንቲም አልነኩበትም። የዛሬው ቼክ ከሱ ነበር።

እልል የሚል ጠፋ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ጋሼ አድማሱ ግን ደስ ብሏቸው ነበር፤ ልጃቸው የተመኘውን አደረጉለት። ፎርሙን በእጃቸው ሞልተው ከሁሉም ሥር አስቀመጡት።

ሰኞ ጠዋት ኤልሻዳይ ሚድ ሲቲ ሰፈር ያለው የአባቷ አፓርታማ ስትደርስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። እሁድ ማታ መጥታ የወሰደቻቸውን ፎርሞች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው።

«አባዬ፣ ወይዘሮ የሺመቤት ማናት?»

«የአሳምነው እናት። ነፍሷን ይማረውና ደግ ሴት ነበረች አሉ።»

«ሞታለች?»

«ቆይታለች እኮ!»

«ኦ ማይ ጋድ። ይቺስ? ሥራ የሚለው ላይ ሕፃን ይላል!»

«የፍሬው ልጅ ናት። ገና ጡት እየጠባች ምን ሥራ ይኖራታል?»

ኤልሻዳይ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «በሌላ ሰው ስም መስጠት ወንጀል ነው፣ አባዬ። ሰው የታሰረበት ወንጀል።»

ጋሼ አድማሱ የሰሙትን አላመኑም። «የሰረቀ አለ? የቀማ አለ? የገዛ ገንዘቡን ለሟች እናቱ መታሰቢያ የሰጠ ሰው ነው የሚታሰረው?»

«ሀብታሞቹ ናቸው ያመጡት። የተፈቀደላቸው ሲሞላባቸው በሾፌራቸው ስም፣ በሠራተኛቸው ስም ይሰጣሉ። ለነሱ የወጣ ሕግ ነው።»

«ከኛ ሰው ጣሪያው የሞላበት ማን አለ? ወለሉን እንኳ መች ነካነው!»

«ልዩነት የለውም።»

«ታዲያ ቀድመሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰው ፎርም ላይ የራሱን ስም እንደሚጽፍ ይነገራል እንዴ?» አለችና ዕንባዋ መጣ። «ሐሙስ ለሕግ ክፍሉ አስረክባለሁ። አንድ የውሸት ስም ከተገኘ ሥራዬም ስሜም አለቀ። ሁሉም በራሱ ስም እንደገና ይሙላ፤ ያልፈለገ ገንዘቡን ይውሰድ።»

ጋሼ አድማሱ ብድግ አሉ። ልጅቷን እዚህ ውስጥ የከተቷት እሳቸው ናቸው። ኮፍያቸውን አደረጉና «ተነሽ፣ ቤት ለቤት እንዞራለን» አሉ። ከዚያ ግን ደረጃውን ሲወርዱ አንድ ነገር ልባቸውን ሰነጠቀው። የካሌብን አይታው ይሆን? ስለሱ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ያ ወረቀት ከተላከ ኤልሻዳይ ትጠፋለች፤ ከወጣ ደግሞ ካሌብ ይወጣል። ከሁለት ልጆቻቸው አንዱን ምረጡ የተባሉ መሰላቸው።

ዙረቱ ቀላል አልሆነም። አሳምነው አማተበ። «እናቴን ፍቃት ነው የምትሉኝ? በሰው ፊት ጠርቻት? ሰዉ እልል ብሎላት?»

«ማንም አይፍቃት፣ አሳሙ። በልብህ ትኑር፤ ወረቀቱ ላይ ግን አንተ ግባ» አሉ ጋሼ አድማሱ።

«በራሴ ልበል? ሰፈሩ ምን ብሎ ሊጠራኝ ነው?» አለና አካባቢውን ቃኘ። ከብዙ ክርክር በኋላ የቢሮውን በር ዘግቶ፣ ነውር የሚሠራ ይመስል ጎንበስ ብሎ የገዛ ስሙን ጻፈ። «እትዬ ሣህሊቱ እንዳይሰሙ» አለ ወረቀቱን ሲመልስ። ፍሬው በበኩሉ ልጁ ሕፃን መሆኗን እንጂ ሕጉን አላሰበውም ነበር፤ ግንባሩን በእጁ መታና ያለ ጭቅጭቅ ፈረመ። አንዳንዱ ተቀየመ፣ አንዳንዱ ገንዘቡን ተቀበለ፣ አንዲት ትልቅ ሴት «ለመንግሥተ ሰማያትም እንዲህ ዓይነት ፎርም አለ ወይ?» ብለው ኤልሻዳይን አፋጠጧት።

ረቡዕ ከሰዓት ሁሉም አለቀ። ኤልሻዳይ ፒኮ ጎዳና ላይ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ሞተሩን አጠፋች። ጋሼ አድማሱ ለመውረድ በሩን ሲከፍቱ፣ ኤልሻዳይ ከቦርሳዋ የውስጠኛ ኪስ አንድ ፎርምና አንድ ቼክ አወጣች።

«እሁድ ዕለት ነው ያየሁት» አለች። «መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው።»

በሩን መልሰው ዘጉት።

«ሥራ የሚለው ላይ ተማሪ ብለህ ጻፍክ፣ አባዬ።»

«ተማሪ አልነበረም?»

«ነበረ።» አንገቷን ደፋች። «ከፈለክ ቼኩን ቅደደው። ማንም አይጠይቅህም። ካልሆነ ደግሞ እንደ ሌሎቹ በራስህ ስም ሙላ።»

«እንደ ሌሎቹ አይደለማ!» ጋሼ አድማሱ ሳያስቡት ጮኹባት፤ ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝማ፣ ልጄ። ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። የሌሎቹ ገንዘቡ የራሳቸው ነው፤ ስሙ ነው የሌላ ሰው። የኔ ግን ገንዘቡም የሱ ነው። ቆሞ ጫማ ሲያጫማ ውሎ ያገኘው ነው። እዚህ ታች ምን ይላል? ይህ ገንዘብ የራሴ ነው፣ የሌላ ሰው አይደለም ይላል። በስሜ ብፈርም ዋሸሁ። በሱ ስም ቢሄድ ወንጀል ነው ትሉኛላችሁ። ብቀደው ደግሞ እሰጣለሁ ያለውን ከለከልኩት። ታዲያ እኔ እውነቱን የት ልጻፈው?»

ኤልሻዳይ መሪውን እያየች፣ «አካውንቱ የሁለታችሁ ነበር» አለች። «ካሌብ ሲሞት… በሕግ ያንተ ሆነ። ውሸት አይሆንም።»

ሲሞት አለች። እዚያ ቤት «ከዚያ ወዲህ» ይባላል፣ «ያን ጊዜ» ይባላል እንጂ፣ ይህን ቃል እስከ ዛሬ ማንም ደፍሮት አያውቅም።

«መቼ?» አሉ ጋሼ አድማሱ።

«ምኑ መቼ?»

«መቼ ነው የኔ የሆነው?»

«ያንኑ ቀን፣ አባዬ። እዚያው ወዲያው።»

ፒኮ ላይ አውቶቡሱ ቆመ፣ ሰው አወረደ፣ ሄደ። ጋሼ አድማሱ ይህን ሁሉ ጊዜ ያንን ገንዘብ ሲጠብቁለት ነበር። ከባንክ በስሙ የሚመጣውን ወረቀት ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ ያኖሩለታል፣ ሲመለስ የሚያየው ይመስል። ለካ ከመጀመሪያይቱ ቀን ጀምሮ የሚጠብቁት የገዛ ገንዘባቸውን ኖሯል። ለካ ልጁ እዚህ ምድር ላይ አንዳች ነገር የለውም። የተመኘው ነገር እንዲደርስለት ከተፈለገ፣ ገንዘቡ የሱ አይደለም ማለት ነበረባቸው።

«ብዕር ስጪኝ» አሉ።

ባዶ ፎርም ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ስም የሚለው ላይ የራሳቸውን ጻፉ። ሥራ የሚለው ላይ ጡረተኛ አሉ። ገንዘቡ የራሴ ነው የምትለዋ ሣጥን ላይ ሲደርሱ ብዕሩን አነሡት፣ እንደገና አሳረፉት፣ ምልክቷን አደረጉ። ሲፈርሙ ዕንባቸው ኮፍያቸው ሥር ይወርድ ነበር።

ኤልሻዳይ ወረቀቱን ተቀበለቻቸው። እሷም እያለቀሰች ነበር፤ ግን ልጅ ሆና ከወንድሟ ጋር ከጉባኤው ኋላ ተደብቀው አባታቸውን ሲያስመስሉ እንደነበረው፣ ቡጢዋን እንደ ማይክሮፎን ወደ አፏ አስጠጋች።

«በማን ስም ልበል፣ አባዬ?»

ጋሼ አድማሱ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«በራሴ» አሉ።

ኤልሻዳይ ፎርሙን ከሌሎቹ ጋር ጨመረችው።